ለላም የመጣው ብርድ

የዋግ ኽምራዋ ከተማ ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ አገሩ ገደልና ዋሻ ነው፤ ከዐለት ተፈልፍሎ የተሠራው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም የዚሁ የድንጋይ አገር ፍሬ ነው። እንዲህ ያለ ገደል የሽኮኮ ቤት ነው። ሽኮኮ ጠዋት ጠዋት ዐለት ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፣ እረኛ ሲያይ ስንጥቁ ውስጥ ይጠፋል። ማንንም የሚጎዳ አይመስልም።

በእርግጥም ሽኮኮ ራሱ አይጎዳም። ነገር ግን በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ደጋዎች ሳይታመም ተሸክሞት የሚኖር ጥገኛ ተሕዋስ አለ። ተሕዋሱን ከሽኮኮ ወደ ሰው የምታሻግረው የአሸዋ ዝንብ ናት፤ ከትንኝ በጣም ታንሳለች፣ ስትበር ድምፅ የላትም፣ የምትነክሰውም ሲመሽ ነው። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ጉንጭ ወይም አፍንጫ ላይ ትንሽ እባጭ ትወጣለች። ብዙም ስለማታሳምም ቸል ትባላለች፤ እየሰፋች ትሄድና ትቆስላለች። ይህ ነው ቁንጭር። በኦሮምኛ «ሲምቢራ ሀልካኒ»፣ ማለትም የሌሊት ወፍ፣ ይሉታል። ምስኪኗ የሌሊት ወፍ ግን በሌለችበት ነው የተከሰሰችው።

ቁንጭር በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕክምና ጽሑፍ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። ተሕዋሱ ሊሽማኒያ ኢትዮፒካ የሚለውን ስሙን ያገኘው ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ1973 ነበር። ዛሬ በአገሪቱ በየዓመቱ ከ20,000 እስከ 50,000 ሰዎች እንደሚያዙ ይገመታል። ብዙው ቁስል በራሱ ጊዜ ይድናል፤ ግን ዓመትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል፣ ጠባሳውም ከፊት ላይ አይጠፋም። ስለዚህ ሰው ዝም ብሎ አይጠብቅም። ጸበል ይሄዳል፣ ቅጠል ይለጥፋል፣ አንዳንዱም በጋለ ብረት ያስተኩሳል። ሐኪም ቤት ከደረሰ የቆየው መድኃኒት በየቀኑ የሚወጋ የአንቲሞኒ መርፌ ነው። ሕክምናው አራት ሳምንት ይወስዳል፣ ልብንና ጉበትን መከታተልንም ይጠይቃል። ለአንዲት የጉንጭ ቁስል ይህን ሁሉ መቀበል ለገበሬ ቀላል አይደለም።

ብርዱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ይኸው ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሲደርስ ውሃ ይመስል ፈሳሽ ይሆናል። ሐኪሙ በእንጨት ጫፍ በተጠቀለለ ጥጥ እየነከረ ወይም በመርጫ ቁስሉን ያቀዘቅዘዋል፤ ቁስሉና ዙሪያው በሰከንዶች ውስጥ አመዳይ እንደመታው ሣር ነጭ ይሆናሉ። እስኪሟሟ ይጠበቅና ይደገማል። ታካሚው «በረደኝ» አይልም፤ «አቃጠለኝ» ነው የሚለው። ሴሎቹ ውስጥ የተፈጠረው በረዶ ሲሟሟ ሴሎቹ ይፈነዳሉ፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይደፈናሉ፣ ተሕዋሱም ከተደበቀበት ሴል ጋር ይሞታል። ቦታው ውሃ ይቋጥራል፣ ቅርፊት ይሠራል፤ ታካሚው በስምንተኛው ቀን ይመለሳል። ሕክምናው እንዲህ እየተደጋገመ ለሳምንታት ይቀጥላል።

ዘዴው አዲስ አይደለም። ኒው ዮርክ ውስጥ ካምቤል ዋይት የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1899 የቆዳ ኪንታሮትን በፈሳሽ አየር አክሟል። በእኛም አገር አዲስ አበባ ዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በዚህ መንገድ ያክማል። አጠገቡ ያለው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተመራማሪዎች በስልጤ በቁንጭር ወረርሽኝ የተያዙ ሰዎችን በብርድ አክመው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2012 አሳትመዋል፤ ሕክምናውን ካላቋረጡት አብዛኞቹ ድነዋል።

ለሁሉም ግን አይሆንም። ቁስሉ ብዙ ወይም ሰፊ ከሆነ፣ ወደ አፍንጫና አፍ ውስጥ ከገባ ወይም መላ ሰውነትን ካዳረሰ መርፌው አይቀርም። ሌላም ለእኛ በተለይ የሚከብድ ጉዳይ አለ። ለቆዳ ቀለም የሚሰጡት ሴሎች ብርድ አይችሉም፤ ሌሎቹ የቆዳ ሴሎች ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ድረስ ሲታገሡ እነሱ ገና ከዜሮ በታች ከ4 እስከ 7 ዲግሪ ባለው መሞት ይጀምራሉ። ጠይም ፊት ላይ ነጭ ምልክት ሊቀር ይችላል ማለት ነው። ቁንጭር ዳነልኝ ያለች ልጃገረድ ለምጽ ወጣባት እንዳትባል ሐኪሙ ይህን አስቀድሞ ሊነግራት ይገባል።

የጋለ ብረቱም ቢሆን ከሐሳቡ ይልቅ ልክ በማጣቱ ነው የሚወቀሰው። የዓለም ጤና ድርጅት ከሚቀበላቸው ዘዴዎች አንዱ ቁስሉን በ50 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ሰከንድ ማሞቅ ነው።

ከሰቆጣ አለርት ከ700 ኪሎ ሜትር ያላነሰ መንገድ ነው። የቁንጭር ሕሙማንን የሚቀበለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም ያለው ደሴ አጠገብ ነው። በየሳምንቱ ተመላልሶ መታከም ከዋግ ኽምራ ቀበሌ ለሚነሳ ሰው የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ብርዱ ራሱ ወደ ሕመምተኛው መጓዝ አለበት፤ ፈሳሽ ናይትሮጅን ደግሞ በተዘጋጀለት ዕቃ ውስጥም ሆኖ በየቀኑ እየተነነ ያልቃል።

ሆኖም ይህ ፈሳሽ በኢትዮጵያ ገጠር እንግዳ አይደለም። ቃሊቲ የሚገኘው የከብት ማዳቀያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1984 ከተቋቋመ ወዲህ የኮርማ አባለዘር ገበሬው ደጅ የሚደርሰው በፈሳሽ ናይትሮጅን ተነክሮ ነው። የአዳቃይ ባለሙያዎቹ ትንሿ የመስክ ዕቃ ሁለት ሦስት ሊትር ትይዛለች። አንዲት የቁንጭር ቁስል በጥጥ ለማከም ከአንድ የቡና ስኒ የሚበልጥ አያስፈልግም።