የመቀመጫ ቀበቶ፦ ከእሽቅድምድም መኪና እስከ ቢቸናና ሞጣ መንገድ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ በሚዘልቀው መንገድ ላይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሚኒባስ ተጋጭቶ በድንገት ቢቆም፣ በቀበቶ ያልታሰረው ተሳፋሪ በዚያው ፍጥነት ወደ ፊት መሄዱን ይቀጥላል። ከፊቱ ካለው ብረት ወይም መስታወት ጋር የሚላተመውም 10 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ሕንፃ ወድቆ መሬት የመታ ያህል ነው። ብዙ ሰው ወንበሩን አጥብቆ በመያዝ ራሱን የሚያድን ይመስለዋል። ይሁን እንጂ 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በሴኮንድ አንድ አሥረኛ ጊዜ ውስጥ እንዲቆም ከተፈለገ ክንዶቹ ከስምንት ኩንታል ጤፍ የሚበልጥ ክብደት መመከት ይኖርባቸዋል።

ሰውነት ይህን ኃይል በሕይወት ሊሸከም የሚችለው ኃይሉ በጠንካራ አጥንቶች ላይ ሲያርፍ መሆኑን የመኪና እሽቅድምድም በግልጽ ያሳያል። የተወዳዳሪው ማሰሪያ ሁለቱን ትከሻዎችና ዳሌውን ከመቀመጫው ጋር ያጣብቃል፤ በእግሮቹ መካከል የሚያልፈው ጠፍር ደግሞ የዳሌው ቀበቶ ወደ ሆድ እንዳይወጣ ወደ ታች ይስበዋል። እ.ኤ.አ. በ1970 ሪቻርድ ፔቲ በዳርሊንግተን ሜዳ ሲገለበጥ ራሱና ክንዱ በመስኮቱ ወጥተው ታዩ፤ ከዚያ ወዲህ በናስካር ውድድር የመስኮት መረብ ግዴታ ሆነ። ደረትን ብቻ ማሰርም አይበቃም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2001 ዴል ኧርንሃርት በዴይቶና ከግንብ ጋር ተላትሞ የሞተው በራስ ቅል መሠረት ስብራት ነበር። ራስን ከትከሻ ጋር የሚያያይዘው ሃንስ የተባለው መሣሪያ በፎርሙላ ዋን እ.ኤ.አ. በ2003 ግዴታ ሆኗል።

ኒልስ ቦሊን የተባለው የቮልቮ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1959 ያቀረበው ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ በዚሁ መርሕ ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ በፊት መቀመጫ የሚሳፈሩ ሰዎችን የሞት አደጋ በ45 እና በ50 ከመቶ መካከል ይቀንሳል። በአግባቡ ሲታሰር ግን ነው። በደጋው ብርድ በወፍራም ጋቢ ላይ የታሰረ ቀበቶ ላልቶ ይቀራል፤ ስለዚህ ጋቢውን ገልጦ የታችኛውን ክፍል በዳሌ አጥንት ላይ፣ የላይኛውን በትከሻና በደረት መካከል ማሳረፍ ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡር ከሆድዋ በታች ታስራለች። ሕፃንን ጭን ላይ አድርጎ በአንድ ቀበቶ አብሮ ማሰር ግን ክፉ ስሕተት ነው፤ በግጭት ጊዜ የእናቲቱ ክብደት ሕፃኑን ከቀበቶው ጋር ይደፈጥጠዋል። ጋቢና የተቀመጠ ሰው ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ ቀበቶውን ትከሻው ላይ ጣል ማድረጉም ከቅጣት እንጂ ከሞት አያድነውም። ከኋላ ያልታሰረ ተሳፋሪ ደግሞ ከፊት የታሰረውን ጭምር ያደቅቃል።

ቀበቶ ራሱ የሚያደርሰው ጉዳት አለ፤ ለጤና ባለሙያው ዋናው ጉዳይም ይህ ነው። ከአደጋ በኋላ በታችኛው ሆድ ላይ አግድም የተጋደመ ሰንበር የታየበት ሰው፣ በተለይም ልጅ፣ እየተራመደ ቢመጣም ከቢቸና ወይም ከሞጣ ሆስፒታል በችኮላ መሰናበት የለበትም። ቀበቶው ሆዱን በአከርካሪው ላይ ጨምቆት ሊሆን ይችላል። የተበሳ አንጀት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እምብዛም ምልክት ላያሳይ ይችላል፤ የአልትራሳውንድ ምርመራም ሊስተው ይችላል። ስለዚህ አንድ ሐኪም ሆዱን በየጥቂት ሰዓቱ ደጋግሞ መመርመር፣ የልብ ምትንና ትኩሳትን መከታተል፣ የወገብ አከርካሪ ሕመምንም መፈለግ ይኖርበታል፤ አንጀትና አከርካሪ ብዙ ጊዜ አብረው ይጎዳሉና። ሕመሙ ከጨመረ ወይም ሆዱ ከጠነከረ ሳይመሽ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር መላክ፣ በሪፈር ወረቀቱም ላይ የሰንበሩን ቦታና ታማሚው የት መቀመጫ ላይ እንደነበር መጻፍ ተቀባዩን ሐኪም ብዙ ጊዜ ያተርፍለታል።