ግድቡ ካለቀ በኋላ ኃይሉ ወደ እርሻ የሚደርስበት መንገድ

ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል በተነሣ ቁጥር ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ግድብ ነው። ይህም አያስደንቅም፤ ግድብ በዓይን ይታያል፤ በክብር ይመረቃል፤ ስሙም ይጠራል። በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሲመረቅ የማመንጨት ዐቅሙ 43 ሜጋ ዋት ያህል ነበር። ጊቤ ሦስት በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ዐቅሙ 1,870 ሜጋ ዋት ሆነ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ደግሞ ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ ዐቅም ይዞ ተነሣ። እንግዲህ በ65 ዓመት ውስጥ ከአንድ ግድብ የሚጠበቀው ኃይል ከመቶ ዕጥፍ በላይ አድጓል ማለት ነው።

ዳሩ ግን ከባላገሩ የሚመጣው አቤቱታ ስለ ግድብ አይደለም። አቤቱታው «ትልቁ ሽቦ በማሳዬ ላይ ያልፋል፤ እኔ ግን በኩራዝ አመሻለሁ» የሚል ነው። ይህ ቃል ከቅሬታነት በላይ ቁም ነገር አለበት፤ ከእንግዲህ ወዲህ የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ጥቅም የሚለካው በግድቡ ቁመት ሳይሆን በሽቦው ጫፍ ነውና። ስለዚህ ሽቦው ለምን በማሳው ላይ ዝም ብሎ እንደሚያልፍ ማስረዳት ይገባል።

ኤሌክትሪክ በሽቦ ሲጓዝ ከፊሉ ሙቀት እየሆነ ይባክናል። በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ጅረት ዕጥፍ ቢሆን ብክነቱ አራት ዕጥፍ ይሆናል። ነገር ግን ቮልቱን ዕጥፍ ብናደርገው ያንኑ ኃይል ለማድረስ የጅረቱ ግማሽ ይበቃል፤ ብክነቱም ወደ ሩብ ይወርዳል። ከሕዳሴ ግድብ ወደ ሆለታ የሚመጣው መስመር 500 ሺህ ቮልት እንዲሸከም የተደረገው በዚሁ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለው ኃይል ወደ ቤት ሊገባ አይችልም። በመጀመሪያ በማከፋፈያ ጣቢያ ወደ 132 ሺህ ወይም ወደ 33 ሺህ፣ ከዚያም ወደ 15 ሺህ ቮልት ይወርዳል፤ በመጨረሻ በምሰሶ ላይ በተሰቀለው ትራንስፎርመር 380 እና 220 ቮልት ሆኖ ለሰው ይደርሳል። ማከፋፈያ ጣቢያ ብዙ ገንዘብ የሚወጣበት ሥራ ስለ ሆነ፣ ከትልቁ መስመር ላይ ለአንድ ቀበሌ ብቻ ጠልፎ ማውረድ አይቻልም። ከሩቅ ከተማ የ33 ሺህ ቮልት ቀጭን መስመር ስቦ ማምጣቱ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ባለማሳው የሚጠብቀው መስመር እንግዲህ በራሱ ላይ የሚያልፈው ሳይሆን፣ ገና ያልተተከለው ነው።

መስመሩ ከደረሰ በኋላም ችግሩ አያልቅም። አንድ የእንጀራ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ያህል ኃይል ይወስዳል። አንድ ባለ 100 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር 25 ምጣድ በአንድ ጊዜ ሲጋገርበት ዐቅሙ ሊያልቅ ይቃረባል። ከዚያ በላይ ሲጫንበት፣ ወይም ቀጭኑ ሽቦ እጅግ ሲረዝም፣ በጫፉ ላይ 380 መሆን የሚገባው ቮልት ወደ 330 እና ከዚያም በታች ይወርዳል። አምፑል ቢደክም ጉዳቱ ጥቂት ነው። የውሃ መሳቢያ ሞተር ግን ቮልቱ ሲያንሰው ሥራውን ለመፈጸም ሲል ብዙ ጅረት ይስባል፤ ይግላል፤ በመጨረሻም የውስጥ ጥቅልሉ ይቃጠላል። ገበሬው «ሞተሩ ሐሰተኛ ነበር» ብሎ ነጋዴውን ሲረግም ጥፋቱ የሽቦው የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ነገሩን በቍጥር ብናየው ይበልጥ ይገለጣል። በመቂና በባቱ አካባቢ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ ገበሬዎች ከዝዋይ ሐይቅ ውሃ የሚስቡት ባብዛኛው በነዳጅ በሚሠራ ፓምፕ ነው። አንድ ሄክታር መሬት 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ለማጠጣት 600 ሜትር ኩብ ውሃ ያስፈልጋል። ይህን ውሃ 10 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት፣ የፓምፑና የሞተሩ ብክነት ግማሽ ነው ብለን ብናስብ፣ የሚጠፋው ኃይል 33 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ይህም አንድ ምጣድ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ቢሠራ የሚፈጀውን ያህል ማለት ነው! ነዳጅ በጠፋ ጊዜ ወይም ዋጋው በናረ ጊዜ ሽንኩርቱ በማሳ ላይ ሲደርቅ ላየ ሰው፣ ይህ ቍጥር ትልቅ ነገር ይነግረዋል። ለመስኖ የጐደለው የአገር ኃይል ሳይሆን የመጨረሻዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ናቸው።

የወደፊቱ መስመር እንዴት ያለ መሆን አለበት የሚለውን ለመመለስ ሌላ አንድ ጠባይ ማወቅ ያሻል። ኤሌክትሪክ እንደ እህል ተከምሮ የሚቆይ አይደለም፤ የሚመነጨውና የሚበላው በየቅጽበቱ እኩል መሆን አለበት። የአገሪቱ ማመንጫዎች ሁሉ ሞገዱ በሴኮንድ 50 ጊዜ እንዲመላለስ ሆነው በአንድ እርምጃ ይዞራሉ። ተጠቃሚው በድንገት ሲበዛ እርምጃው ይዘገያል፤ እጅግ ከዘገየም መሣሪያዎቹ ራሳቸውን ለማዳን ሲሉ ይለያያሉ፤ አገር ሁሉ ይጨልማል። ፈተናው የሚበረታው ምጣዱም መብራቱም በሚገናኙበት ሰዓት፣ ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ፓምፕ ግን ምሽትን አይመርጥም። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ውሃ ቢስብ ማንንም አይሻማም።

በዚህ ላይ የፀሐይ ኃይል ይጨመርበታል። ፀሐይ ብርቱ የምትሆነው በቀትር፣ ይልቁንም በበጋ፣ ማለት መስኖ በሚፈለግበት ወራት ነው። ነፋሱም ቢሆን በአዳማና በመቀሌ አጠገብ ባለው በአሸጎዳ እንደ ታየው፣ በበጋ ወራት ወንዞች ሲቀንሱ ይበረታል። አሁን የአገሪቱ ኃይል ከመቶ ዘጠና በላይ ከውሃ የሚገኝ ስለ ሆነ፣ ቀን በፀሐይና በነፋስ ሲሠራ በግድቡ ውስጥ የሚቆጠበው ውሃ ለማታ ይቆያል። ኤሌክትሪኩ ባይከመርም ውሃው ይከመራል፤ ግድቡ ጎተራ ይሆናል ማለት ነው። ይህ ጸሐፊ እንደሚያስበው፣ ከአዲስ ግድብ ይልቅ ይህን ማጣመር ማስቀደም ይገባል፤ የዝናብ እጥረት ባለበት ዓመት በአንድ ጎተራ ብቻ መተማመን አደጋ አለውና።

ይኸው ጎተራ ለጎረቤትም ይተርፋል። ጅቡቲ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ከኢትዮጵያ ኃይል ትገዛለች። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ በኬንያ እስከ ሱስዋ የሚደርሰው፣ ርዝመቱ ከ1,000 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው መስመር በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለንግድ ሥራ ሲጀምር 200 ሜጋ ዋት ለመሸጥ ውል ነበረው፤ የመስመሩ ዐቅም ግን 2,000 ሜጋ ዋት ነው። መስመሩ የተሠራው በቀጥተኛ ጅረት ነው። ስለዚህ የሁለቱ አገሮች ማመንጫዎች በአንድ እርምጃ መዞር ሳያስፈልጋቸው ኃይል ይለዋወጣሉ፤ በአንዱ አገር የተነሣው መናወጥም በቀላሉ ወደ ሌላው አይሻገርም። በውጭ ምንዛሪ የሚገኘው ከዚህ ገንዘብ ከፊሉ ለገጠር ቀጫጭን መስመር ቢውል፣ «ለጎረቤት ሸጣችሁ እኛን ረሳችሁ» የሚለው ወቀሳ መልስ ያገኛል።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ መርሐ ግብር በ2017 ዓ.ም. ለሕዝብ ሁሉ መብራት ለማድረስ፣ ከዚህም 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጭ ለማዳረስ ዐስቦ ነበር፤ ጊዜው ግን አልፏል፤ ሥራውም አልተፈጸመም። ከመስመር ርቀው ለሚኖሩ ሰዎች በመንደር ደረጃ የሚተከል የፀሐይ ማመንጫ ተስማሚ ነው። ብቻ ምሰሶውና ሽቦው ገና ከመነሻው በዋናው መስመር ደረጃ ቢሠራ፣ ትልቁ መስመር በመጣ ቀን ሁለቱ ይያያዛሉ፤ ያለዚያ አንዱ ሲደርስ ሌላው ይነቀላል።

የመስኖ ማኅበር ያላቸው ገበሬዎች ለኤሌክትሪክ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ሲያቀርቡ በየግላቸው ሳይሆን በአንድነት ቢያቀርቡ ይሻላል። የፓምፖቹን ብዛት፣ የእያንዳንዱን ኪሎ ዋት፣ ውሃው የሚነሣበትን ከፍታና የሚሠሩበትን ሰዓት ይጻፉ፤ መስመሩም ባለ ሦስት ፌዝ እንዲሆን ይጠይቁ። እያንዳንዳቸው 6 ኪሎ ዋት የሚወስዱ ዐሥር ፓምፖች በቀን ቢሠሩ ባለ 100 ትራንስፎርመር ይበቃቸዋል፤ ከምሽት ምጣድ ጋር ከተደባለቁ ግን አይበቃቸውም። ሞተር ሲነሣ ከመደበኛው ከአምስት እስከ ሰባት ዕጥፍ ጅረት ስለሚስብ፣ ፓምፖቹ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየተራ ጥቂት ደቂቃ እየቆዩ ይነሡ። ለእያንዳንዱም ቮልት ሲያንስ ወይም አንዱ ፌዝ ሲቋረጥ ሞተሩን በራሱ የሚያቆም መከላከያ ይገጠምለት፤ ዋጋው የተቃጠለ ሞተር ከማስጠቅለል ያነሰ ነው።