«ባቴ እምቢ አለኝ»

በዚህ ወር ከአዊ ዞን፣ ከዳንግላ ከተማ የደረሰንን የአንድ ወጣት ጥያቄ ይዘን ቀርበናል። ወንድማችን እንዲህ ይላል፦ «ሁለት ዓመት ሙሉ ብረት አንስቻለሁ። ደረቴም ክንዴም አልሐምዱሊላህ አድጓል። ባቴ ግን እንደ ድሮው ነው። ጓደኞቼ ‹ከላይ በሬ፣ ከታች ዶሮ› እያሉ ይስቁብኛል። አንድ ሰው ባት የሚያሳድግ መርፌ አለ ብሎኛል። ልወጋው ወይ?»

መልሳችንን ከመጨረሻው እንጀምር። አይወጉት። ምክንያቱን ከታች እንገልጻለን። ከዚያ በፊት ግን ባት ለምን እምቢ እንደሚል፣ በምንስ መንገድ እሺ እንደሚል እንመልከት።

ባት ሁለት ጡንቻ ነው

ብዙዎቻችን ባትን አንድ ጡንቻ አድርገን እናስባለን። በዋናነት ግን ሁለት ናቸው። አንደኛው ከላይ ያለው፣ ከኋላ ሲታይ ለሁለት ተከፍሎ የሚያብጠው ነው። ይህ ጡንቻ የሚነሣው ከጉልበት በላይ ካለው የጭን አጥንት ነው። ሁለተኛው ከእርሱ ሥር የተኛው ጠፍጣፋ ጡንቻ ሲሆን የሚነሣው ከጉልበት በታች ነው። ሁለቱም ወደ ታች ሲወርዱ በአንድ ወፍራም ጅማት ተጣምረው ተረከዝ ላይ ይያያዛሉ።

ይህን ማወቁ ለሥራው ይጠቅማል። ጉልበታችንን ስናጥፍ የላይኛው ጡንቻ ይላላል፤ ሥራውም በአብዛኛው በታችኛው ላይ ይወድቃል። ጉልበታችን ቀጥ ሲል ግን ሁለቱም ይሠራሉ። ስለዚህ ተቀምጦ ተረከዝ ማንሳትና ቆሞ ተረከዝ ማንሳት አንድ ዓይነት ሥራ አይደለም።

ባት ለውበት ብቻ የተሰጠን እንዳልሆነም እንወቅ። ስንራመድ የባት ጡንቻ በተኮማተረ ቁጥር በእግር የተጠራቀመውን ደም ወደ ልብ ይገፋል። ሐኪሞች «ሁለተኛ ልብ» የሚሉትም ለዚህ ነው። ቀኑን ሙሉ በሱቁ ወንበር ላይ ለሚውል ነጋዴም ሆነ በቢሮ ለሚውል ሠራተኛ ይህ ጡንቻ ሥራ መፍታት የለበትም።

ለምን እምቢ ይላል?

የመጀመሪያው ምክንያት አፈጣጠር ነው። የአንዳንዱ ሰው የባት ሥጋ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አቅራቢያ ይወርዳል። የሌላው ደግሞ ከፍ ብሎ ያበቃና የቀረው ረጅም ጅማት ይሆናል። ጅማት በስፖርት ወደ ጡንቻነት አይለወጥም። የባትን ውፍረት መጨመር ይቻላል፤ ሥጋው የሚያበቃበትን ቦታ ማውረድ ግን አይቻልም።

ቀጭን ባት ማለት ደካማ እግር ማለት እንዳልሆነ ደግሞ ከአዊ ሕዝብ የበለጠ ምስክር የለም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን ሲያከብር የሚጋልቡትን ፈረሶች እግር ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ፈረስ ከጉልበቱ በታች ያለው አጥንትና ጅማት ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ግን ማን ይቀድመዋል? የእኛ ሯጮችም እንዲሁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 ሞስኮ ላይ በ800 ሜትር ያሸነፈው መሐመድ አማን፣ በ2017 ለንደን ላይና በ2019 ዶሃ ላይ በ5000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሙክታር እድሪስ በወፍራም ባት አላሸነፉም። ለሯጭ ከታች የቀለለ እግር ጉልበት ይቆጥብለታል።

ሁለተኛው ምክንያት ልማድ ነው። ባት ከልጅነት ጀምሮ የሰውነታችንን ክብደት ሲሸከም የኖረ ጡንቻ ነው። በተለይ እንደ እንጅባራ ባለ ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት አገር ያደገ ሰው ባት ለቀላል ሥራ አይደነግጥም።

ሦስተኛው ምክንያት የእኛው ጥፋት ነው። አብዛኛው ወጣት ደረትና ክንድ ላይ አንድ ሰዓት ይፈጅና ሊወጣ ሲል ባቱን ሁለት ዙር ቶሎ ቶሎ ያነጥራል። የተረከዝ ጅማት እንደ ላስቲክ ነው፤ ስንነጥር ኃይሉን ራሱ መልሶ ይሰጠናል። ጡንቻው ያርፋል ማለት ነው። ከዚያ «ባቴ እምቢ አለኝ» እንላለን። ባቱ እምቢ አላለም፤ በቅጡ አልተጠየቀም።

በዚህ የሚታማው ጀማሪ ብቻ አይደለም። በ1970 ለመጀመሪያ ጊዜ ሚስተር ኦሎምፒያ የሆነው አርኖልድ ሽዋዘኔገር በወጣትነቱ ባቱ ደካማ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። መፍትሔው ድክመቱን መደበቅ አልነበረም። የስፖርት ሱሪውን ከጉልበቱ በታች ቆርጦ ባቱ ሁልጊዜ እንዲታየውና እንዲያሳፍረው አደረገ፤ ከሌላው ጡንቻ እኩልም ይሠራው ጀመር።

ጥናቶች ምን ይላሉ?

በ2023 የታተመ የጃፓን ተመራማሪዎች ጥናት ስፖርት የማያዘወትሩ 14 ሰዎችን ለ12 ሳምንታት አሠርቷል። እያንዳንዱ ሰው አንዱን እግር ጉልበቱን ቀጥ አድርጎ፣ ሌላውን ጉልበቱን አጥፎ ተረከዝ በማንሳት አሠለጠነ። ውጤቱ ግልጽ ነበር። ጉልበቱ ቀጥ ብሎ የሠራው እግር አጠቃላይ የባት ጡንቻ 5.6 በመቶ ሲያድግ፣ የታጠፈው 2.1 በመቶ ብቻ አደገ። የታችኛው ጡንቻ ዕድገት ግን በሁለቱም ተቀራራቢ ነበር።

በዚያው ዓመት የታተመ የብራዚል ጥናት ደግሞ ወጣት ሴቶችን ለ8 ሳምንታት ተከታትሏል። ተረከዛቸው ዝቅ ብሎ ባታቸው በተለጠጠበት ክፍል ብቻ የሠሩት፣ የውስጠኛው ባታቸው ውፍረት 15.2 በመቶ ጨመረ። ከታች እስከ ላይ ሙሉውን የሠሩት 6.7 በመቶ፣ ከላይ በኩል ብቻ የሠሩት ደግሞ 3.4 በመቶ ጨመረ። የባት ዕድገት ምስጢሩ ያለው ከታች፣ ተረከዝ በሚወርድበት ቦታ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ስለ ክብደቱስ? ጡንቻው እስኪደክም ድረስ ከተሠራ፣ ከባድ ክብደት ከ6 እስከ 10 ጊዜ ማንሳትም ሆነ ቀላል ክብደት ከ20 እስከ 30 ጊዜ ማንሳት ተመሳሳይ ዕድገት እንደሚሰጥ በ2020 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ውድ መሣሪያ ለሌለው ወንድማችን ይህ መልካም ዜና ነው።

በቤት የሚሠራ መርሐ ግብር

የሚያስፈልጉት አንድ የማይንቀሳቀስ ደረጃ ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ግንድ፣ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና የሚደገፉት ግድግዳ ናቸው። ውኃ የሞላ ጀሪካን 20 ኪሎ ይመዝናል፤ ሲጀምሩ ግማሹን ይሙሉ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንድ ቀን እያረፉ ይሥሩ።

1. ቆሞ ማንሳት፦ በአንድ እግር የፊት መዳፍ ደረጃው ጫፍ ላይ ቁሙ። ጉልበት ቀጥ ይበል። ተረከዙን በዝግታ እስከ ሦስት እየቆጠሩ ከደረጃው በታች አውርዱ፤ እዚያ ለሁለት ሰከንድ ቁሙ። ሳትነጥሩ ተነሡ፤ ላይ ላይ አንድ ሰከንድ ቁሙ። ከ10 እስከ 15 ጊዜ፣ ለእያንዳንዱ እግር አራት ዙር። 15 ሲቀላችሁ በአንድ እጃችሁ ጀሪካን ያዙ።

2. የግማሽ ሥራ፦ በመጨረሻው ዙር ወደ ላይ መውጣት ሲያቅታችሁ አታቁሙ። ከታች እስከ ግማሽ ብቻ ከ5 እስከ 10 ጊዜ ጨምሩ።

3. ተቀምጦ ማንሳት፦ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ጀሪካኑን ወይም የእህል ከረጢት ጉልበታችሁ አጠገብ ጭናችሁ ላይ አድርጉ። ከ15 እስከ 20 ጊዜ፣ ሦስት ዙር።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ግን ከሁለት ዙር አትለፉ። በአንድ ቀን ሁሉንም ልሥራ ያለ ሰው በማግሥቱ ከሱጁድ ለመነሣት ግድግዳ መፈለጉ አይቀርም። እህቶችም ይህንን በቤታቸው ያለ ምንም ችግር ሊሠሩት ይችላሉ። በረመዳን ከመግሪብ ትንሽ ቀደም ብሎ ቀለል አድርጎ፣ ወይም ከተራዊሕ በኋላ መሥራት ይሻላል።

በወር አንድ ጊዜ ጠዋት በሜትር ለኩ። ራሳችሁን ግን አታታልሉ። በጃፓኑ ጥናት የታየውን ዕድገት 35 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ባለው ባት ላይ ብናሰላው፣ ከሦስት ወር በኋላ የሚገኘው ጭማሪ አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ባት የዓመታት ሥራ ነው።

ማዕዱስ?

ጡንቻ ለመገንባት የሚሻ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ቢያገኝ ይበቃዋል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 96 ግራም ማለት ነው። ይህ በቆርቆሮ የታሸገ ዱቄት የሚጠይቅ አይደለም። ሁለት እንቁላል 12 ግራም፣ ሁለት ብርጭቆ ወተት 16 ግራም፣ 150 ግራም ደረቅ ባቄላ፣ ሽምብራ ወይም ምስር በሽሮ፣ በወጥና በቆሎ መልክ ከ30 ግራም በላይ፣ 250 ግራም የጤፍ ዱቄት በእንጀራ መልክ ወደ 30 ግራም ይሰጣሉ። ሥጋ በተገኘ ቀን ደግሞ ከዚያ ያልፋል። የአዊ ድንች ለሥራው ጉልበት ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ ጥቂት ነው፤ ድንች ብቻ በልቶ ባት አይጠበቅም። የታሸገ ዱቄት ወይም እንክብል የሚገዛ ሰው በውስጡ ጀላቲን ካለ ከምን እንስሳ እንደተሠራ ያጣራ።

ስለ መርፌው

ለጡንቻ ተብለው በድብቅ የሚሸጡ መርፌዎች ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ የወንድ ሆርሞን ዝርያ ነው። የዘር ፍሬን ያኮማትራል፣ ዘር ማፍራትን ያስተጓጉላል፣ የወንድን ጡት ሊያሳብጥ፣ ልብንና ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። ሌላው በጡንቻ ውስጥ የሚወጋ ዘይት ነው። ጡንቻ አያሳድግም፤ ያሳብጣል እንጂ። መግል ሊቋጥር ይችላል፤ ወደ ደም ሥር ከገባም ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ሰውነታችን ከአላህ (ሱ.ወ) የተሰጠን አማና ነው። ለጓደኛ ሳቅ ብሎ አማናን ማጉደል አይገባም።

ሐኪም የሚሻ ባት

ወፍራም እግር ሁሉ ጤነኛ አይደለም። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት የሚሄዱ ሰዎችን ፖዶኮኒዮሲስ የሚባል የእግር እብጠት ያጠቃል። ከመዳፍ ይጀምርና ወደ ባት ይወጣል። እርግማን አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል። በቀን አምስት ጊዜ ለውዱእ እግሩን የሚያጥብ ሙስሊም አድርቆ ጫማ ማድረግን ቢጨምርበት ትልቅ ጥበቃ ነው።

አንድ ባት ብቻ በድንገት አብጦ ቢሞቅና ቢያም የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ፤ አትሹት። ሲፕሮፍሎክሳሲንን የመሰሉ መድኃኒቶች ደግሞ የተረከዝን ጅማት ሊያዳክሙ ስለሚችሉ፣ እየወሰዳችሁ ሳለ ከባድ የባት ሥራ አትሥሩ፤ ሕመም ከተሰማችሁም ለሐኪማችሁ ንገሩ።

በመጨረሻም ለጠያቂያችን አንድ ታሪክ እናስታውሰው። ኢማም አሕመድ በዘገቡት ሐዲስ፣ ዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ከአራክ ዛፍ ሲዋክ ሲቆርጡ ነፋስ ልብሳቸውን ገለጠውና ባታቸው ታየ። ቀጭን ነበርና ሶሐቦች ሳቁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምን እንዳሳቃቸው ጠየቁና እነዚያ ቀጫጭን እግሮች በሚዛን ላይ ከኡሑድ ተራራ የበለጠ እንደሚከብዱ ነገሯቸው።

ወንድማችን ሆይ! ደረጃው ላይ ቁም፣ ተረከዝህን በዝግታ አውርድ፣ ባቄላህንም ብላ። ሰበቡን አድርስ፤ ውጤቱን ለአላህ ተው። ጓደኞችህ ሲስቁ ግን በሜትር የማይለካ ክብደት እንዳለ አስብ።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።