ኮምፒውተር ሲነሳ ማን ይቅደም?

በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ የስርዓተ ክወናው እምብርት የሆነው ከርነል ራሱን አደላድሎ ሲያበቃ በተጠቃሚው በኩል አንድ ፕሮግራም ብቻ ያስነሳል፤ መለያ ቁጥሩም 1 ነው። ኔትወርኩን፣ ፕሪንተሩን፣ ዳታቤዙን መቀስቀስ ከዚያ ወዲያ የዚህ ፕሮግራም ሥራ ነው። ግን ከማን ይጀምር?

ኤቲ ኤንድ ቲ በ1983 ያወጣው ሲስተም ፋይቭ ዩኒክስ ያስለመደው መልስ ቁጥር ነበር። አገልግሎቶቹ ራንሌቭል በሚባሉ ምድቦች ተከፈሉ፦ 0 ማጥፊያ፣ 1 ለጥገና፣ 6 ዳግም ማስነሻ። በመካከል ያሉትን ሁሉም እንደመሰለው ተጠቀመባቸው፤ ከሊኑክስ ዝርያዎች በሬድ ሃት ምድብ 3 ያለ ግራፊክስ፣ 5 ከግራፊክስ ጋር ሲሆን በዴቢያን ግን ከ2 እስከ 5 ያሉት አንድ ዓይነት ነበሩ። በየምድቡ ያሉት ስክሪፕቶች ስማቸው ኤስ10፣ ኤስ55 እያለ ስለሚጀምር ተራቸውን ጠብቀው አንድ በአንድ ይነሳሉ።

ቁጥሩ ግን ምክንያቱን አይናገርም። ኤስ55 ኤስ10ን በእርግጥ ይፈልገው ይሆን ወይስ ዝም ብሎ ከኋላው ተሰልፎ ነው? ስለማይታወቅ ሁሉም ይጠብቃል። በድግስ ቤት እንኳ ጠላ ጠማቂዋ ወጥ ሠሪዋ እስክትጨርስ እጇን አጣጥፋ አትቀመጥም።

ሌናርት ፖተሪንግና ካይ ሲቨርስ በ2010 ይፋ ያደረጉት አዲሱ መነሻ ፕሮግራም ሲስተምዲ ምድቦቹን በቁጥር ፋንታ በስም ጠራቸው፤ ታርጌት ይባላሉ። ታርጌት በራሱ የሚሠራው ሥራ የለም፤ አገልግሎቶችን አሰባስቦ አንድ ደረጃ ላይ መደረሱን የሚያመለክት ነው። ትልቁ ቁምነገር ግን ሌላ ነው፦ መፈለግና መከተል ተለያዩ። አንድ የድር መተግበሪያ ዳታቤዝ እንደሚያስፈልገው «ሪኳየርስ» በሚለው መስመር ብቻ ከተጻፈ ሁለቱ እኩል ይነሳሉ፤ ዳታቤዙ ከዘገየ መተግበሪያው ይወድቃል። «አፍተር» ብቻ ከተጻፈ ደግሞ ዳታቤዙን የሚቀሰቅሰው ላይኖር ይችላል። ሁለቱንም መጻፍ ያስፈልጋል። አንድ ቀን የሚሠራ፣ በማግስቱ እምቢ የሚል ሰርቨር ያጋጠመው ባለሙያ መጀመሪያ እዚህ ቢፈትሽ አይከስርም።

ኔትወርክም እንዲሁ ያሳስታል። «ኔትወርክ» የተባለው ታርጌት ኔትወርኩን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም መነሳቱን እንጂ አድራሻ መገኘቱን አያረጋግጥም፤ ግንኙነቱን የሚጠብቀው «ኔትወርክ-ኦንላይን» የሚባለው ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ራሱ ይቀራል። አፕል በ2005 ላውንችዲ በተባለው የራሱ መነሻ ፕሮግራም ያስተዋወቀውን ዘዴ ሲስተምዲ ወርሶታል፤ ፖተሪንግም ይህን አልደበቀም። የሎግ መዝጋቢው ገና ሳይነሳ መቀበያ ሶኬቱ ይከፈታል፤ ሌሎቹ መልእክታቸውን ይልካሉ፣ ከርነሉ ይዞ ያቆያል፣ መዝጋቢው ሲነሳ የተጠራቀመውን ያነባል።

ፌዶራ በ2011፣ ዴቢያንና ኡቡንቱ በ2015 ሲስተምዲን መደበኛ አደረጉት። ጭቅጭቁ ቀላል አልነበረም፤ የዴቢያን ተቃዋሚዎች ተገንጥለው ዴቭዋን የተባለ ሌላ ዝርያ እስከ መመሥረት ደርሰዋል።

ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚዘገይበት የሊኑክስ ተጠቃሚ «ሲስተምዲ-አናላይዝ» የተባለውን ትእዛዝ ይሞክር። «ብሌም» ሲባል አገልግሎቶቹን በወሰዱት ጊዜ ይደረድራል፤ ነገር ግን ብዙ ሰከንድ የፈጀ አገልግሎት ከሌሎች ጎን ለጎን ሲሠራ ቆይቶ ማንንም ሳያዘገይ ጨርሶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንዱን ከማጥፋት በፊት ማን ማንን እንዳስጠበቀ የሚያሳየውን «ክሪቲካል-ቼይን» ማየት ይሻላል።