የክንድ ስብራትና የጣቶች ምስክርነት

እኛ እጩ መምህራን ነገ ከነገ ወዲያ ከምንመደብባቸው ቀበሌዎች ብዙዎቹ ከሐኪም ቤት የራቁ ናቸው። እዚያ በዕረፍት ሰዓት አንድ ልጅ ከሾላ ዛፍ ላይ ወድቆ እጁን ይዞ ቢጮህ፣ መጀመሪያ የሚጠራው ማን ነው? አስተማሪው አይደል? ስለዚህ የእጅን አሠራር በመጠኑም ቢሆን ማወቅ ይገባናል።

ከትከሻ በታች እስከ ጣት ጫፍ በአንድ እጅ 30 አጥንቶች አሉ። ከትከሻ እስከ ክርን አንድ፣ ከክርን እስከ አንጓ ሁለት፣ በአንጓው ላይ 8 ትንንሽ አጥንቶች፣ በመዳፍ 5፣ በጣቶች ደግሞ 14 ናቸው። (15 ያልሆኑት አውራ ጣት ያለው 2 ብቻ ስለሆነ ነው፤ ቆጥራችሁ አረጋግጡ።) መዳፋችንን ስንገለብጥ ከክርን በታች ካሉት ሁለት አጥንቶች አንዱ በሌላው ላይ ይሻገራል። ቁልፍ የምናዞረው በዚህ ዘዴ ነው።

ክርናችን የዴስክ ጠርዝ ሲመታው ኤሌክትሪክ እንደያዘን እስከ ትንሿ ጣት የሚነዝረን፣ በክርን ጀርባ ከቆዳ ሥር የሚያልፍ ነርቭ ነው። በክርን ፊት ለፊት ደግሞ ለእጅ ደም የሚያደርሰው ዋናው የደም ቧንቧ ከሌላ ነርቭ ጋር ያልፋል። ይሄን ልብ በሉ።

ሰው ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ መሬቱን ይደገፋል። ኃይሉ ከመዳፍ ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣና ደካማውን ቦታ ይሰብራል። በአሮጊቶች ብዙ ጊዜ አንጓው፣ በልጆች፣ በተለይም ከ5 እስከ 7 ዓመት ባሉት፣ ከክርን ከፍ ብሎ አጥንቱ በሚሳሳበት ላይ ይሰበራል። የተሰበረው ጫፍ ወደ ፊት ከገፋ ያንን የደም ቧንቧ ሊጫነው ወይም ሊበጥሰው ይችላል። (ሕፃንን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ማንሣትም ክርኑን ያወልቃል፤ ታላላቆች ይስሙ!)

ስብራቱ ራሱ ይድናል። የሚያስፈራው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። የተሰበረ ክንድ ያብጣል። በሸምበቆና በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ከታሰረ እብጠቱ መውጫ ስለሚያጣ ደሙን ያፍናል። ጡንቻ ደም ካጣ በ6 ሰዓት ገደማ ውስጥ የማይመለስ ጉዳት ይደርስበታል። ጀርመናዊው ሐኪም ሪቻርድ ፎን ፎልክማን ከጥብቅ ማሰሪያ በኋላ ጣቶች እንደ ጥፍራም አሞራ እግር ተኮራምተው መቅረታቸውን እ.ኤ.አ. በ1881 ጽፎ ነበር። ከዚህም የከፋ አለ፤ በአገራችን ለስብራት የታሰረ የልጅ እጅ በስብሶ እስከ መቆረጥ ይደርሳል። ወጌሻን ለመስደብ አይደለም። ገበሬው ሌላ ማን አለውና! ጠንቁ ጥብቀቱ ነው፣ ታስሮም ሳይታይ መክረሙ።

እንግዲህ ጣቶቹን እንይ። ጥፍሩን ተጭነን ስንለቀው ቅላቱ በ2 ሴኮንድ ውስጥ መመለስ አለበት። ከሌላው እጅ ይልቅ ቀዝቅዟል? ይደነዝዘዋል? ጣቶቹን ቀስ ብለን ስናቃናለት ሕመሙ ይብስበታል? ከነዚህ አንዱም ቢታይ ማሰሪያው እስከ ቆዳው ድረስ ይፈታ፤ ልጁም በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። ማደር የለም!

ከመታሰሩ በፊት ደርሰን ከሆነ አምባርና ቀለበት እናውልቅ፤ እጁን እንደተገኘበት አድርገን በነጠላ ከአንገቱ እናንጠልጥለው። አናሽ፣ አንጎትት፣ አናቃና። ማደንዘዣ ሊያስፈልገው ስለሚችል ምግብም አንስጠው።

አባትየው «ወጌሻው ሳምንት ሳይሞላ እንዳይፈታ ብሎኛል» ቢሉ አትከራከሯቸው። የደህናውን እጅ ጥፍር ተጭናችሁ አሳይዋቸው፣ ቀጥሎ የታሰረውን። ልዩነቱን በዓይናቸው ሲያዩት ብዙውን ጊዜ ራሳቸው መቀስ ይፈልጋሉ።