ያገለገለ የምግብ ዘይት ወደ ነዳጅ፦ ሥራው በአሶሳ ያዋጣል?

ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖና ድንች የሚጠበስበት ዘይት ሲጠቁር አንዳንዱ ነጋዴ አዲስ ጨምሮበት ይቀጥላል፤ ሌላው ወደ ቦይ ይደፋዋል። ሁለቱም ጉዳት አላቸው፤ የመጀመሪያው በተመጋቢው ጤና ላይ፣ ሁለተኛው በፍሳሽ መውረጃው ላይ። ይኸው ዘይት የናፍጣ ሞተር የሚያንቀሳቅስ ባዮዲዝል መሆን መቻሉ ታዲያ ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን ቢያጓጓ አይገርምም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ ዐውደ ርዕይ አንድ አነስተኛ የናፍጣ ሞተር በለውዝ ዘይት ሲሠራ ታይቷል። ለውዝ ደግሞ ለክልላችን አርሶ አደር እንግዳ ሰብል አይደለም። ይሁንና ጥሬ ዘይት ወፍራም በመሆኑ ውሎ አድሮ ሞተሩን ይደፍናል፤ ስለዚህ መቅጠን አለበት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዘይቱ ይጣራል፤ በውስጡ ያለው ውኃ እንዲተንም ይሞቃል። ለ100 ሊትር ዘይት 20 ሊትር ገደማ ሜታኖል ከጥቂት ኮስቲክ ሶዳ ጋር ተዋሕዶ ይጨመርና ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት ይማሰላል። ሲረጋ ግሊሰሪኑ ይዘቅጣል፤ ባዮዲዝሉ ከላይ ይቀራል። ሥራው ከተሳካ ወደ 90 ሊትር ነዳጅ ይገኛል። ደጋግሞ የተጠበሰበት ዘይት አሲድነቱ ከፍ ያለ ስለሆነ መጠኑ ሳይለካ ከተሠራ በርሜሉ ነዳጅ ሳይሆን ሳሙና ይሞላል።

አስቸጋሪው ሜታኖሉ ነው። በአገር ውስጥ ስለማይመረት የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። መርዛማ ነው፤ ዐይን ያሳውራል፤ ነበልባሉም በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። በጓሮ የሚሞከር ሥራ አይደለም። እንደ ፊንጫ ባሉ ስኳር ፋብሪካዎች የሚመረተው ኢታኖል በምትኩ ሊያገለግል ይችላል፤ ነገር ግን ጥቂት ውኃ ካለበት ሥራው ይበላሻል፣ ግሊሰሪኑንም መለየት ይከብዳል።

ገዢውስ ማን ነው? ባጃጆች በቤንዚን ስለሚሠሩ ከደንበኝነት ውጪ ናቸው። የናፍጣ ወፍጮ፣ የውኃ ፓምፕ፣ ትራክተርና የጭነት መኪና ይቀራሉ። ለእነዚህም ከናፍጣ ጋር እስከ 20 በመቶ ቀላቅሎ መጠቀም ይመረጣል፤ ንጹሕ ባዮዲዝል የአሮጌ ሞተር የጎማ ቱቦዎችን ይጎዳልና። ከፓልም ዘይት የተሠራው ደግሞ በብርድ ይረጋል። በአሶሳ ሙቀት ብዙም ላያስቸግር ይችላል፤ ወደ ደጋ በሚወጣ መኪና ግን ማጣሪያ ይደፍናል።

ከሁሉም በላይ የዘይቱ ብዛት ሊታሰብበት ይገባል። ሠላሳ ቤቶች በሳምንት አምስት አምስት ሊትር ቢሰጡ 150 ሊትር ይሆናል፤ ነዳጁ 135 ሊትር ገደማ ነው። ይህ አንድን የተጫነ የጭነት መኪና ከአሶሳ አዲስ አበባ አድርሶ አይመልስም።

አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2007 የባዮፊውል ስትራቴጂ ስታወጣ ተስፋው የተጣለው በጃትሮፋና በጉሎ ላይ ነበር፤ በክልላችንም ለዚሁ ሰፊ መሬት ታስቦ ነበር። ውጤቱ የተባለውን ያህል አልሆነም። ያገለገለ ዘይት መሬት አለመሻሙ ብልጫው ነው።

በዚህ ዘጋቢ አስተያየት ለአሶሳ ወጣቶች የሚቀርበው መነሻ ሳሙና ነው፤ ዘይቱም ኮስቲክ ሶዳውም ያው ሆኖ ሜታኖል አይፈልግም፣ ገበያውም በየቀበሌው አለ። የዘይት አሰባሰቡ ሲጠናከር ወደ ነዳጁ መሸጋገር ይቻላል። እስከዚያው ዘይት የሚያስረክቡ ቤቶች ካቀዘቀዙ በኋላ አጣርተው፣ የሞተር ዘይት ባልነካው ደረቅ ጀሪካን ቢያስቀምጡት ለሁለቱም ሥራ ይሆናል።