ፖስታው ይሄዳል፣ ማስተዳደሪያው ነጭ ገጽ ሆኗል

ፒኤችፒ ከ5 ወደ 7 ከፍ ሲል የኢሜይል አድራሻ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት የድሮ ገጽ ድንገት ባዶ ይሆናል። መልእክት ግን ይገባል፣ ይወጣል። የተጠቃሚዎቹ ዝርዝር በማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ በሚቀመጥበት አሠራር የፖስታ ሰርቨሮቹ ፖስትፊክስና ዶቭኮት ዝርዝሩን በቀጥታ ከዚያ ስለሚያነቡ የማስተዳደሪያው መውደቅ አይነካቸውም። ስለዚህ ሰርቨሩን ማጥፋትና ማብራት ትርፉ ድካም ነው።

የስህተት ሎጉን ክፈቱ። ብዙ ጊዜ «ማይኤስኪውኤል ኮኔክት» የሚባል ፈንክሽን አልተገኘም ይላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ፒኤችፒ 7 የዚህን ቤተሰብ ፈንክሽኖች ጨርሶ አስወግዷቸዋል።

ታዲያ ብዙ ሰው ስሙን በጅምላ በ«ማይኤስኪውኤልአይ» ይተካል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው፦ አሮጌው የኩዌሪ ፈንክሽን መጀመሪያ ጥያቄውን፣ ቀጥሎ ግንኙነቱን ይቀበላል፤ አዲሱ ደግሞ በተቃራኒው፣ ያውም ግንኙነቱን ግድ ይላል። እኔ ኮዱን ወደ ፒዲኦ (ሌላው የፒኤችፒ የዳታቤዝ መገናኛ) ማዛወሩን እመርጣለሁ። የድሮው ኮድ ተጠቃሚው የጻፈውን እንዳለ ከጥያቄው ጋር ስለሚቀጥል ለኤስኪውኤል ኢንጀክሽን የተጋለጠ ነው፤ በፒዲኦ ጥያቄው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ እሴቱ ለብቻው ሲላክ ይህ ቀዳዳ ይደፈናል። ሙከራው በዳታቤዙ ቅጂ ላይ ይሁን፣ አደራ።

የአማርኛ ስሞች የጥያቄ ምልክት ሆነው ከታዩ የዳታቤዙ ሠንጠረዥ ካራክተር ሴት ላቲን1 ሊሆን ይችላል። ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ቀይሩት። የጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠው ስም ግን አይመለስም፤ እንደገና መጻፍ አለበት።